እጅህን ከኪስህ አታውጣ

ጥር 8

ወንድሜ፣

ሆስፒታሉ የካቲት 8 ቀን ሊያሰናብተኝ ወስኗል። የምሄደው ወደ አንተ ቤት ነው። የማብሰያ ክፍል ልምምዴና የደረጃ ልምምዴ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ቆሟል።

አሁን ሰላምታ። ደህና ነህ ወይ? ጉልበትህ እንዴት አደረገህ? ባለቤትህን ያ ሳል ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ፤ ጽሑፌን አይተህ እንዳትስቅ ብቻ። አሁንም በግራ ነው የምጽፈው። ቀኝ እጄ ወረቀቱን ተጭኖ እንዲይዝ ሥራ ተሰጥቶታል፤ አንዳንዴ ግን ሥራ ላይ መሆኑን ይረሳና ይንሸራተታል። መስመሩ ሲንጋደድ ካየህ ጥፋቱ የእሱ ነው።

ለምን ስልክ አታነሺም ላልከኝ፣ ስትሮኩ የመታው ቀኝ ጎኔን ብቻ አይደለም፤ ምላሴንም ይዞታል። ቃሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ሙሉ ነው፤ አፌ ላይ ሲደርስ እንደ እርጥብ ሳሙና ያመልጠኛል። በስልክ ስናወራ እኔ እንተባተባለሁ፣ አንተ ታለቅሳለህ፣ የሚጠቀመው የስልክ ድርጅቱ ብቻ ነው። በደብዳቤ ግን ሁለታችንም ደህና ሰው እንመስላለን።

ወደ ነገሬ ልምጣ። ባለፈው እሑድ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ቢሮዋ አስገብታ ለብቻህ አነጋግራህ ነበር። በማግስቱ ሁሉም ነገር ተለወጠ። አሠልጣኜን ታውቃታለህ፤ ያቺ አጭሯ፣ ሳቂታዋ፣ ልብስ መልበስና ሻይ ማፍላት እንደ አዲስ የምታስተምረኝ። ጠዋት እንደ ወትሮው ተዘጋጅቼ ብጠብቃት አልመጣችም። ከሰዓት ኮሪደር ላይ አገኘኋትና፣ "ምን አጥፍቼ ነው የተውሽኝ?" አልኳት። አንገቷን ደፋች። "ቤተሰብዎ ሁሉንም ነገር እኛ እናደርግላታለን ብለዋል። ያ ክፍል ደግሞ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ" አለችኝ።

ምን ነበር ያልካቸው? ቃል በቃል ጻፍልኝ። ሳታሳምር።

ሱቄን እየከፈትክ አየር ታስገባለህ ወይ? ጨርቅ ሲታፈን ይሸታል።

እህትህ


ጥር 11

እትዬ፣

ጉልበቴ ደህና ነው፤ ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው የሚያመው። ባለቤቴንም ሳሉ ለቋታል፤ አሁን የቀራት ቁጣው ነው። ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ሳነብላት ወረቀቱን ቀማችኝና፣ "ሴትዮዋ በግራ እጇ ከአንተ ቀኝ የተሻለ ነው የምትጽፈው" አለች። መንጋደዱን አይታ እንኳ አልማረችኝም።

ቃል በቃል ካልሽ ይኸው። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፣ "ቤት ሲመለሱ ማን ያግዛቸዋል?" አለችኝ። ከወንበሬ ተነሳሁ። "እህቴ ከእንግዲህ እንኳን ሻይ ልታፈላ ባዶ ብርጭቆ አታነሳም። እኔ ሳለሁ እጇን ውሃ አይነካውም። እናታችን ስትሞት ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሁን ተራው የእኔ ነው" አልኳት። ሴትዮዋ ራሷን እየነቀነቀች ጻፈች፤ ዓይኗም እንባ ያቀረረ መሰለኝ። "እድለኛ ናቸው" አለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ሌላ ምን ልላት ነበር? እህቴ ራሷን ትቻል ልበል? የሚሰማኝ ሰው ምን ይለኛል?

ክፍልሽ አልቋል። ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። ግድግዳውን አንቺ የምትወጂውን ፈዛዛ ቢጫ ቀብቼዋለሁ። አልጋውን ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግኩ እንደ ሐር አለስልሼዋለሁ። ራስጌሽ ላይ ደወል ገጥሜልሻለሁ። ገመዱን ሳብ ስታደርጊው ወርክሾፔ ውስጥ ይጮኻል፤ መጋዙን ጥዬ እመጣለሁ። ባለቤቴ ስትሞክረው ውላ አሳብዳኛለች፤ አንዴ የጠራችኝ ዝንብ እንዳባርርላት ነው።

ስለ ሱቁ አታስቢ።

ጩጬሽ


ጥር 15

ጩጬዬ፣

ሽበትህ ጢምህን አልፎ ደረትህ ላይ ቢወርድም ጩጬ ነው የምልህ። ስሙን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፤ የምነጥቅህም እኔ ነኝ።

ደወል! እዚህች ቃል ላይ ስደርስ ከሳቄ ብዛት የአልጋ ጎረቤቴ ነርስ ልትጠራልኝ ነበር። ጎረቤቴ ያቺው መምህርት ናት፤ በመኪና አደጋ አንድ እግሯን ያጣችውና አሁን በሰው ሠራሽ እግር መራመድ የምትማረው። ሳነብላት፣ "ወንድምሽ የሚጠብቀው ንግሥት ነው ወይስ ላም?" አለችኝ።

ከሳቅኩ በኋላ ግን አለቀስኩ። ስለዚህ ረጋ ብለህ አንብበኝ።

ያልከው ነገር ክብር እንደሆነ አውቃለሁ። ሰፈር ውስጥ ብትናገረው እናቶች ይመርቁሃል። እኔም በጤናዬ ቀን ብሰማው እኮራ ነበር። እዚህ ግን የሰውን ቃል እንዳለ ነው የሚወስዱት። አንተ ብርጭቆ አታነሳም ስትል፣ እነሱ ብርጭቆ ማንሳት አያስፈልጋትም ብለው ያዙት። ለማያስፈልጋት ሴት ደግሞ ክፍልና አሠልጣኝ አያባክኑም። ሴትዮዋ እንባ ያቀረረችው ለእኔ ደስ ብሏት ነው፤ ክፋት የላትም።

ያንን ክፍል አይተኸው ቢሆን! ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ምድጃ፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ መታጠቢያ ቤት አለው። ጥግ ላይ ወደ የትም የማይወስድ አጭር ደረጃ አለ፤ ትወጣለህ፣ ግድግዳ ታያለህ፣ ዞረህ ትወርዳለህ። የማንም ቤት አይደለም፤ እኔ ግን ስገባ ቤቴ የገባሁ ይመስለኛል። የመጀመሪያ ቀን ሻዩን ወለሉ ነው የጠጣው። በሁለተኛው ስኳሩን ረሳሁ። ከዚያ አንድ ቀን አፍልቼ፣ ቀድቼ፣ በግራ እጄ ይዤ ጠረጴዛው ድረስ አደረስኩት። አሠልጣኟ አንድ ጉንጭ ጠጣችና፣ "ይሄ ሻይ ነው ወይስ የተቀቀለ ማር?" አለች። ያለፈውን ቀን ስኳር ጭምር ጨምሬበት ኖሯል። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ጩጬዬ፣ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ሱቄና ከሱቁ በላይ ወዳለችው ክፍሌ መመለስ። ቀኝ እጄ መርፌ ይዞ ላይሰፋ ይችላል፤ ነግረውኛል። ጨርቅ ዘርግቼ ልክ ማውጣት ግን እችላለሁ። ሌላ ሰው ሲሰፋ አጠገቡ ተቀምጬ "ፍታው!" ማለት ደግሞ በዚህም ምላስ አያቅተኝም።

አሠልጣኟ አንድ ነገር ነግራኛለች። የቤቴ ልክ ቢላክላት፣ የደረጃው ከፍታ፣ የበሩ ስፋት፣ የመቁረጫ ጠረጴዛው ቁመት፣ ዋናውን ሐኪም እንደገና እንዲያስብበት መጠየቅ ትችላለች። ልክ ከአንተ የተሻለ የሚወስድ አናጢ የት ይገኛል? ላክልኝ።

"ስለ ሱቁ አታስቢ" ደግሞ መልስ አይደለም።

እህትህ


ጥር 20

እትዬ፣

አላኮረፍኩም። ባለቤቴ አኩርፏል ብላ ከጻፈችልሽ አትስሚያት፤ ዝም ስል ሁሉ ያኮረፍኩ ይመስላታል። የጠየቅሽኝን የእግር ሹራብ ዛሬ ልኬልሻለሁ፤ አዎ፣ የማያንሸራትተውን ነው፤ ከሥሩ ላስቲክ ያለውን።

ቅዳሜ በላክሽው ካርድ "ልኩ የታለ?" ብለሽኛል። አልወሰድኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ባለቤቴ በትከሻዬ ላይ አንብባ፣ "ውሸቱን እኔ ልጻፍልህ ወይ? ጽሑፍህ አያምርም" አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ። ከወደቅሽበት ቀን ወዲህ ሱቅሽን አልከፈትኩትም። ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ፤ በሩ ጋ እቆማለሁ፤ ጎረቤትሽ ባለሱቁ "ተሻላቸው ወይ?" ይለኛል፤ "ተሻላት" እለውና እመለሳለሁ።

ያን ጠዋት ያየሁትን አልጽፈውም። ከጠረጴዛውና ከግድግዳው መሃል ነበርሽ፤ በእጅሽ ጠመኔ ይዘሻል፤ ይበቃል። ስንት ሰዓት እንደቆየሽ ሐኪሙ ሲጠይቀኝ አላውቅም አልኩት። እኔ ያን ጊዜ ወርክሾፕ ውስጥ ሬድዮ ከፍቼ እያፏጨሁ ነበር። አሁን አንቺ እዚያ ቤት ብቻሽን ገብተሽ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የማልሰማ ስሆን ሳስበው እንቅልፌ ይጠፋል። ያሳቀሽ ደወል ለአንቺ አይደለም የተገጠመው፤ ለእኔ ነው።

አከራይሽም መጥቶ ነበር። ትመለሳለች ወይስ ለሌላ ላከራይ አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ አላስጨነቀኝም። እስካሁን ምንም አላልኩትም።

እኔ ቤት ምን ይጎድልሻል? እስኪ እሱን ንገሪኝ።

ጩጬሽ


ጥር 24

ጩጬዬ፣

አንተ ቤት የሚጎድለኝ የለም። ችግሩም እሱ ነው።

ሹራቡ ደርሶኛል፤ መምህርቷ አንዱን ለራሷ ወስዳለች፤ "እኔ አንዱ ይበቃኛል" ብላ። ሌላ ጥንድ ላክ፤ ያንን ደግሞ አንድ ተኩል ሰው እንካፈለዋለን።

ያን ጠዋት አንተ ያየኸው ከላይ ነው፤ እኔ ከታች ነበርኩ፤ ስለዚህ የእኔንም ስማ። አላመመኝም። መነሳት ሲያቅተኝ ቀና ብዬ የጠረጴዛዬን ሆድ አየሁት። ያን አንተ የሠራህልኝን፣ የመጀመሪያ ሥራህን፣ "በሁሉም በኩል ተላግቷል" ብለህ የማልክበትን። ሆዱን ጭራሽ አልላግከውም! ስንጥሩ እንደ ጃርት ቆሟል። ይሄን ሁሉ ዘመን አታለልከኝ። እዚያው ተኝቼ፣ ይሄን ልጅ ሳልወቅሰው አልሞትም አልኩ። እንግዲህ በሕይወት ካቆዩኝ ነገሮች አንዱ የአንተ ስንፍና ነው። ስለ ሬድዮው ደግሞ እንዳልሰማህ። ከመንገዱ ማዶ ያለ ሰው ድምፄን ይስማ እንዴ? ድምፅስ መች ነበረኝ?

አሁን የደበቅኩህን ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት እዚህ ወድቄ ነበር። አትነሳ፣ ተቀመጥ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ ፎጣ ላነሳ ጎንበስ ስል። ምንም አልሆንኩም። ነርሷ ስትደርስ እኔ ተነስቼ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ የተቆጣችው ለምን ጎነበስሽ ብላ ነው፤ ቀጥላ፣ "ማን አነሳዎት?" አለች።

ማንም አላነሳኝም። እዚህ መነሳትን ያስተምራሉ። ሰፊ ፍራሽ ዘርግተው ያስተኙሃል፤ "በሉ ይነሱ" ይሉሃል፤ እጁን የሚሰጥህ የለም። መጀመሪያ ወደ ደህናው ጎንህ ትንከባለላለህ፤ ክንድህን ተደግፈህ ትቀመጣለህ፤ በቂጥህ እየተሳብክ ወንበር ጋ ትደርሳለህ፤ ትንበረከካለህ፤ ከዚያ ደህናውን እግር አስቀድመህ ትቆማለህ። ስትሰማው ቀላል ነው። መጀመሪያ ስሞክረው እንደ ተገለበጠ ጥንዚዛ ተንፈራገጥኩ። መምህርቷ አጠገቤ ሌላ ፍራሽ ላይ ተጋድማ፣ "እኔ በአንድ እግሬ ልቅደምሽ?" ስትለኝ እልህ ያዘኝና ተነሳሁ። እሷም ቀደመችኝ፤ እሱን ግን ለማንም እንዳትናገር።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያደረግኩት ያንኑ ነው። በጣም ፈርቼ ነበር። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ወንበሩም ከወለል ሲያዩት ሩቅ ነው። ግን ተነሳሁ። ያኔ የተሰማኝን በጤናማ ምላስም ልነግርህ አልችልም ነበር።

አንተ ቤት ብወድቅ አስር እጅ ይዘረጋልኛል። በወሩ መነሳት እረሳለሁ። በዓመቱ ደግሞ ራሴን እረሳለሁ።

ልኩን ላክልኝ።

እህትህ


ጥር 29

እትዬ፣

ሱቅሽን ከፈትኩት። ልኩ በሌላ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ለአሠልጣኟ ስጫት።

ባለቤቴ አብራኝ መጣች። ደብዳቤሽን አንብባ ስትጨርስ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። "ትሄዳለህ ወይስ እኔ ልለካው?" አለች። እሷ ብትለካው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ መጋረጃችን እስከ ዛሬ መሬት አልነካም። ገብተን መስኮቱን ከፈትን። ጨርቁ አልሸተተም፤ አቧራ ብቻ ነው። ያ አንድ እጅጌው ብቻ የገባው ሰማያዊ ቀሚስ እዚያው ተሰቅሏል። ባለሱቁ እንደነገረኝ ደንበኛሽ መጥታ ነበር፤ "ለሌላ ሰፊ አልሰጥም፤ እሳቸው ይጨርሱት" ብላ ሄዳለች።

ልክ ስወስድ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እኔ ወንበር ስሠራ በሜትር ብቻ አላምንም፤ ተቀምጬበት ነው የምጨርሰው። ስለዚህ ባለቤቴን፣ "ቀኝ እጄን በሻርፕሽ ከወገቤ ጋር እሰሪልኝ" አልኳት። እንደ ሌባ ጠፍራ አሰረችኝ፤ እንዲህ ደስ ብሏት ያየኋት በሠርጋችን ቀን ነው። ቀኝ እግሬንም እንዳላጥፈው በእንጨት ማስመሪያሽ ወጥራ አሰረችው። እንዲህ ሆኜ ቤትሽን ዞርኩት።

ደረጃው የፈራሁትን ያህል አይደለም። ጠባብ ስለሆነ ግድግዳው ራሱ ይደግፍሻል። መደገፊያው ግን ስትወጪ በግራሽ ሆኖ ስትወርጂ በቀኝሽ ይሆናል፤ ለአንቺ መውረዱ ነው የሚያስቸግርሽ። በሌላው በኩልም ጨምሬ ገጥሜያለሁ። ምድጃውን ሞክሬዋለሁ። ሻይ አፈላሁ፤ ባለቤቴ ቀምሳ ፊቷን አኮሳተረች፤ እሱ ግን በሁለት እጄ ሳፈላውም ያው ነው።

ያሸነፈኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የታችኛው በር። እኔ የሠራሁት በር። ብርድ እንዳይገባብሽ ብዬ መልሶ የሚዘጋው ኃይለኛ ሞላ ገጥሜበት ነበር፤ ከአንቺ ይልቅ ለብርዱ አስቤ ኖሯል። በግራ እጄ ገፍቼ ልግባ ስል መልሶ መታኝና ደጅ ላይ ዘረጋኝ። ባለሱቁ እያየ። ባለቤቴ ልታነሳኝ ጎንበስ ስትል "ተይኝ" አልኳት። ደህናው ጎኔ ላይ ተንከባለልኩ። በቂጤ ተሳብኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በመንገድ አላፊ ፊት። አንዱ አላፊ ሳንቲም ሊወረውርልኝ ኪሱን ሲዳብስ አይቼዋለሁ። ብዙ ቆየሁ። ተነሳሁ፣ እትዬ።

ሞላውን ነቅዬ ጣልኩት። የጠረጴዛውን ሆድም ላግኩት። ተኝቼ ነው የላግኩት፤ ፍቅፋቂው ሁሉ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ደስ ይበልሽ።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋም ጋ ደወልኩ። "እህቴ ሁሉንም ነገር ትችላለች" አልኳት። ወረቀት ስትገልጥ ይሰማኛል። "ባለፈው ብርጭቆ አታነሳም ብለውኝ ነበር" አለች። "አሁን ታነሳለች" አልኩ። "ከመቼ ጀምሮ?" ብትለኝ ላቤ መጣ። ባለቤቴ ስልኩን ቀምታ የቀረውን እሷ ጨረሰችው። ረጅም አወሩ፤ መጨረሻ ላይ ይሳሳቁ ነበር፤ በማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የወሰኑትን አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ሳትሰሚ አትቀሪም።

ጩጬሽ


የካቲት 2

ጩጬዬ፣

ሰምቻለሁ። የፊታችን ሐሙስ፣ የካቲት 7፣ ጠዋት በዚያ ክፍል ውስጥ እፈተናለሁ። ከአልጋ እነሳለሁ፣ እታጠባለሁ፣ እለብሳለሁ፣ ቁርሴን ሠርቼ እበላለሁ፣ ደረጃዋን ወጥቼ እወርዳለሁ። አሠልጣኟ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋና ዋናው ሐኪም ያዩኛል። ሲያልቅ እዚያው ይመክራሉ። ወይ በማግስቱ ወደ አንተ ቤት እወጣለሁ፣ ወይ ጥቂት ሳምንት ተጨምሮልኝ ለራሴ ቤት እለማመዳለሁ።

ልኩን አሠልጣኟ ለሐኪሙ አሳየችው። መደገፊያውን በሁለቱም በኩል መግጠምህን ስትሰማ፣ "ይሄን ማን ነገራቸው?" አለችኝ። "ወድቆ ነው" አልኳት።

"የግድ መምጣት አለብኝ?" ብለህ በባለቤትህ አስጠይቀሃል። አለብህ። ለአንተ የተሰጠህ ሥራ ከእኔ ይከብዳል። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። እጅህን ከኪስህ አታወጣም። የሸሚዜ ቁልፍ ቀዳዳውን ስቶ ስቶ ስቶ ይገባል፤ ዝም ትላለህ። ሻዩ ሲንጠባጠብ ዝም። እግሬ ሲንቀጠቀጥም ዝም፤ እሱ ልማዱ ነው። ስናገር ደግሞ ቃል አታቀብለኝ። እኔ "መ" ስል አንተ "መስኮት?" ትላለህ፤ እኔ መቀስ ልል ነበር፤ ከዚያ መስኮት ይከፈትና ብርድ ይመታኛል። ጠብቀኝ፤ ይመጣል። መምህርቷ፣ "የማያስችለው ከሆነ ሰው ሠራሽ እግሬን ጭኑ ላይ አስቀምጥበታለሁ፤ ከባድ ነው፣ አይነሳም" ብላለች። ቀልድ እንዳይመስልህ።

አንድ ነገር ይቀራል። ላልነግርህ ነበር፤ አሠልጣኟ ግን ሳይዘጋጁ እንዳይመጡ አለች። ፈተናው ሲያልቅ ሐኪሙ አንተን ይጠይቅሃል። ጥያቄው ይህ ነው፤ "ብቻቸውን ሆነው ሊወድቁ ይችላሉ። ይህን አውቀው ቤታቸው እንዲኖሩ ይስማማሉ?" ይህን ሳይጠይቅ አይወስንም። ስንቱን አሠልጥነው ከላኩት በኋላ ቤተሰቡ በሳምንቱ ፈርቶ ወስዶ አስተኝቶታል። በእሱ አይፈረድበትም።

ምን በል አልልህም። አስጠንቼህ ብትመጣ ፊትህ ያሳብቅብሃል፤ ልጅ ሆነህም ዳቦ ሰርቀህ ሳትዋሽ ታለቅስ ነበር። የምልህ ይህን ብቻ ነው። ልወድቅ እችላለሁ። አንድ ጠዋት መጥተህ መሬት ላይ ልታገኘኝ ትችላለህ፤ የመነሳቱ ትምህርትም ያን ቀን ላያገለግለኝ ይችላል። እኔ ይህን አውቄ ነው ቤቴን የምፈልገው። አንተም አውቀህ ፍቀድልኝ፤ ዓይንህን ጨፍነህ የምትሰጠኝ እሺታ ለሳምንት ነው የሚቆየው።

እምቢ ብትልም ወንድሜ ነህ። ቢጫው ክፍል እገባለሁ፤ ደወሉንም ገመዱ እስኪበጠስ እስበዋለሁ፤ ያኔ ታየኛለህ።

እህትህ


የካቲት 5

እትዬ፣

ነገ ማታ እሳፈራለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በራችሁ ላይ ነኝ። ይህ ደብዳቤ ከእኔ ኋላ እንዳይደርስ በነገ ጠዋቱ አውቶቡስ ሹፌር እጅ እሰደዋለሁ።

አዎ፣ ለፈተናው እንዳመጣልሽ ያልሽኝን ግራጫ ሸሚዝ አመጣዋለሁ። ሰፊ ነው። ቁልፎቹን በትልልቅ ይቀየሩ ወይ ብዬ አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ "ተዋት፣ ከፈለገች ትጠይቅሃለች" አለችኝ። ስለዚህ እንዳለ ነው የማመጣው።

አከራይሽን ዓርብ መልስ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ። "መልካም መልስ ይሁን" አለኝ። የትኛው ለእሱ መልካም እንደሆነ አላውቅም።

ስለ ሐኪሙ ጥያቄ። ደብዳቤሽ ትናንት ከደረሰኝ ጀምሮ ምንም ሥራ አልሠራሁም። የታዘዘ ቁም ሳጥን አለኝ፤ በሩ ሳይገጠም ቆሟል። ወርክሾፑን ዘግቼ እዞራለሁ። ሐኪሙም እኔ ነኝ፣ ተጠያቂውም እኔ ነኝ። ድምፄን ወፍራም አድርጌ፣ "ሊወድቁ ይችላሉ" እላለሁ። "አውቃለሁ" ብዬ እመልሳለሁ፤ እዚህ ድረስ ደህና ነኝ። "ማንም ሳይሰማቸው ሊቆዩ ይችላሉ" እላለሁ። "አውቃለሁ" እላለሁ፤ ይሄኛው አንዳንዴ ይወጣል፣ አንዳንዴ አይወጣም። ከዚያ በኋላ የቀረችው አንዲት ቃል ናት። እሷ ጋ ስደርስ መጋዝ አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ፣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ባለቤቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆማ ስትሰማኝ አየኋት። ሁለተኛዋን "አውቃለሁ" ብዬ ነበር። ከዚያ ያለችውን ቃል እሷ ትልልኛለች ብዬ ዓይን ዓይኗን አየኋት። ምንም አላለችም። አልሄደችምም። ቆማ ጠበቀችኝ፤ እኔም አልወጣልኝም።

እሺ ማለት አልፈልግም አላልኩም፣ እትዬ። እንዲያ አድርገሽ አታንብቢው።

ሐኪሙ የሚጠይቀኝ ሐሙስ በአምስት ሰዓት ነው።

ጩጬሽ